ብቻውን የሚቆመው ካፖርት

ወላሂ፣ ይኼ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ያላመነ ሰው ካለ ኢሲክ-ኩል ሐይቅ ዳር ወዳለችው ኮክ-ጃር መንደራችን ብቅ ይበልና የዙራካንን በር ያንኳኳ፤ ካፖርቱ ራሱ ከበሩ ጀርባ ቆሞ ይቀበለዋል። ቆሞ ስል ተሰቅሎ ማለቴ አይደለም። ቆሞ ነው ያልኩት።

ካፖርቱን የሰፋችው የዙራካን አማት ናት፣ አላህ ይዘንላት። ተራራ ሊወጡ የመጡ ሰዎች ነፋስ ነጥቋቸው ጥለውት የሄዱትን ብርቱካናማ ድንኳን አገኘችና ቆርጣ ሰፋችው። ውስጡን የአንድ ሙሉ በግ ፀጉር ጠቀጠቀችበት፤ በጉ ትንሽ ነው ብላ ሌላ ጨመረችበት። በወገቡ ዙሪያ የፈረስ መጫኛ የሚያክል ገመድ አዞረችለት። ለአንድ ዓመት ልጅ ነው የተሰፋው ይባላል እንጂ ከአንድ ዓመት ልጅ እሱ ይከብዳል። የዙራካን ስድስት ወንዶች ልጆች ተራ በተራ አልፈውበታል። ሦስተኛው እሱን ለብሶ ከጣሪያ ላይ ወደቀና ነጥሮ ተመልሶ ጣሪያው ላይ ተቀመጠ። አንድ ክረምት ደግሞ ተኩላ በረት ገባና ጠቦት መስሎት ነከሰው። ያ ተኩላ እስከ ዛሬ ተራራው ላይ አለ፤ ጥርስ ስለሌለው እርጎ ፍለጋ ነው የሚዞረው። ሼኩም አንድ ቀን ዙራካን ቤት ሲገቡ በሩ ሥር ቆሞ አዩትና «አሰላሙ አለይኩም» አሉት። ዝም ሲላቸው «የዘንድሮ ልጅ እኮ አስተዳደግ የለውም» ብለው ተቀይመው ወጡ።

እንግዲህ ወደ ቡርማካን ቤት የሄደው ይኼ ካፖርት ነው።

ቡርማካንና ዙራካን ጭቃ አብረው ያቦኩ ጓደኛሞች ናቸው። ግቢያቸውን የሚለየው አንድ የፖም ዛፍ ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን የማን እንደሆነ ጠይቆ የሚያውቅ የለም። ዙራካን ወፍራም፣ ድምፀ ትልቅ፣ እጇ የማያርፍ ሴት ናት። ቡርማካን ደግሞ ቀጭን፣ ለስላሳ፣ ሰው እግሯን ቢረግጣት «ይቅርታ፣ እግሬን እዚህ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ» የምትል ዓይነት። ዙራካን በየዓመቱ ስትወልድ ቡርማካን ያለ ልጅ ቆየች። ሰው ሁሉ ተስፋ ቆርጦ ማጽናናቱን እንኳ ሲተወው፣ ሽበቷ ብቅ ብቅ ማለት ሲጀምር፣ ኑርቲሌክ ተወለደ። ክብ፣ ቀይ፣ ሳቂታ ልጅ።

ቡርማካን አንድ ምስጢር ነበራት። በልብስ ሳጥኗ ሥር፣ ከብርድ ልብሶቹ ሁሉ በታች፣ አንዲት ትንሽ ሰማያዊ ሰደርያ ተጠቅልላ ተቀምጣለች። የሰፋቻት ኑርቲሌክ ከመወለዱ ብዙ ዓመት በፊት ነው። የዙራካን የበኩር ልጅ ድግስ ላይ ነበረች ያን ቀን፤ የከፋይ ቀሚሷን ለብሳ ሳህን ስታዞር አንዲት ሴትዮ «አንቺ ልጅ የሌለሽ፣ ከሕፃኑ ራቅ በይ» አለቻት። ዙራካን እጇን ስባ አጠገቧ አስቀመጠቻት፤ ሴትዮዋንም የማትረሳውን አለቻት። ቡርማካን ግን ቤቷ ስትገባ በሩን ቆለፈች፣ ቀሚሷን አወለቀች፣ መቀስ አነሳች። ከቀሚሱ የልጅ ሰደርያ ወጣ። ዙሪያዋን በብር ክር የበግ ቀንድ የሚመስል ጥለት ጠለፈችባት።

ገና ላልተፀነሰ ልጅ ልብስ መስፋት እኛ ዘንድ ክፉ ነገር ይጠራል ይባላል፤ ስለዚህ ለሰው አልተናገረችም። ዙራካን «ያ ሰማያዊ ቀሚስሽ የት ገባ?» ብላ ስትጠይቃት «ብል በላው» አለቻት። ዙራካን ከዚያ ወዲህ ለዓመታት ስትስቅባት ኖረች። «የአንቺ ቤት ብል ጌታ ነው! የኔ ቤት ብል ካልሲ ይበላል፣ የአንቺው ከፋይ ያማርጣል!»

አሁን ኑርቲሌክ ሊራመድ ነው። እኛ ጋ ልጅ መራመድ ሲጀምር እግሮቹ በጥቁርና በነጭ ክር ይታሰራሉ፤ ከሩቅ ሮጦ ቀድሞ የደረሰ ሰው ክሩን ይቆርጥለታል፤ ልጁም በሰው ሁሉ ፊት ይራመዳል። ቡርማካን የምትመኘው አንድ ነገር ነው፤ በዚያ ቀን ልጇ ያቺን ሰደርያ ለብሶ እንዲራመድ። ለክታ አይታዋለች፤ ቁልፏ በጭንቅ ነው የምትገጥመው። ልጁ ደግሞ እንደ ሊጥ ኩፍ እያለ ነው። ይኼ ቀን ካመለጠ አመለጠ።

እሷ ይኼን ስታስብ በሩ በእርግጫ ተከፈተ።

«ቡርማ! ኧረ ነይ ተቀበዪኝ፣ ወገቤ ሊቆረጥ ነው!» ዙራካን ከትልቅ ከረጢት ጋር እየታገለች ገባች።

«ምንድን ነው ደግሞ?»

«የልጅሽ ልብስ ነዋ! እስኪያገባ ይበቃዋል።»

ከረጢቱ ተፈታ። ጉልበቱ ላይ ሌላ ጉልበት የተጣፈበት ሱሪ፣ አንድ እጅጌው የረዘመ ሹራብ፣ ጆሮ ያላት ኮፍያ፤ ጆሮዋ አንድ ብቻ ናት። ቡርማካን እያንዳንዱን እያነሳች «ውይ ሲያምር» አለች። ልማዷ ነው፤ ቤቷ ሲቃጠል ብታይም «ውይ ብርሃኑ» ሳትል አትቀርም።

«ምን አስቸገረሽ ዙራዬ። ለራስሽ ያስፈልግሽ የለም እንዴ?»

«ለምን? ሰባተኛ ልውለድ? ምላስሽን ሰብስቢ!»

«አይ፣ ኑርቲሌክ እኮ ልብስ አለው…»

«ምን አለው? አፍረሽ ነው። ከኔ ምን ያሳፍርሻል? ዋናው ካፖርቱ ነው፣ እሱን ነገ አመጣዋለሁ። ለክሩ ቀን እሱን ነው የሚለብሰው። ስድስት ልጅ ያሳደገ ካፖርት በረከት አለው።»

ቡርማካን ፊቷ ነጣ። ዙራካን ግን ደስታ መሰላት።

የችግሩ ሥር እዚህ ጋ ነው። በእኛ መንደር ሰው የሰጡትን ዝም ብሎ ከተቀበለ ስግብግብ ይባላል፤ ስለዚህ ሁሉም ሰው መጀመሪያ እንቢ ይላል። «እንቢ» ማለት «እሺ፣ ግን ለምኚኝ» ማለት ነው። ደግመሽ እንቢ ካልሽ ጥሩ ቤተሰብ ያሳደገሽ ነሽ። የምር የማይፈልግ ሰው ምን ብሎ እንደሚናገር ያሰበበት የለም፤ ቃሉ አልተሠራለትም።

በማግስቱ ቡርማካን ልብሶቹን አጣጥፋ ወደ ከረጢቱ መለሰች። «ጠበበው» ልትል ነው። ነገር ግን የሰው ዕቃ እንደመጣ መመለስ ነውር ነው፤ የሰጡሽ ሳህን ባዶውን አይሄድም፣ ከረጢትም ያው ነው። ስለዚህ ከላይ ፖም ሞላችበትና ላከችው።

ዙራካን ፖሙን አየችና ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ምስኪን፣ በፖም አመሰገነችኝ! ለካ ልብሱ ጠቦት ኖሯል።» ከዚያ ተለቅ ተለቅ ያለውን መረጠች። ፖም የመጣበት ከረጢት ደግሞ ባዶውን አይመለስም፤ እና ጫማ ጨመረችበት፣ ጓንት ጨመረችበት፣ ጥርስ ሲወጣ የሚነከስ የእንጨት ማንኪያ ጨመረችበት። የሦስት ልጆች ጥርስ ያረፈበት ማንኪያ።

ቡርማካን «ሱፍ ያሳክከዋል» ብላ መለሰችው፤ ከላይ ቦርሶክ የምንለውን በዘይት የተጠበሰ ሊጥ ሞልታ። ከረጢቱ የጥጥ የጥጡን ይዞ፣ ለሚያሳክክ ገላ የሚቀባ አንድ ብርኒ የበግ ላት ጨምሮ መጣ። በዚህ ዓይነት ከረጢቱ በፖሙ ዛፍ ሥር ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ ሳሩ ተላጭቶ መንገድ ወጣው። መንገዱ አሁንም አለ፤ ዶሮዎች ይሄዱበታል።

በመጨረሻ ቡርማካን ወደ ባሏ ዞረች። ኦሮዝባይ የምሳውን ሳህን እያጠበ ነበር።

«አንተ ሂድና ንገራት።»

«ምን ልበላት?»

«"በጣም እናመሰግናለን፣ ግን አንፈልግም" በላት። በቃ። አንተ ወንድ ነህ፣ አትቀየምህም።»

ኦሮዝባይ እጁን አደራረቀና ሄደ። ቡርማካን በመስኮት ስትጠብቅ ቆየች። ሲመለስ መጀመሪያ የታየው ካፖርቱ ነው፤ ኦሮዝባይ ከሥሩ ነበር። በሌላ እጁ የበረዶ መንሸራተቻ ይጎትታል።

«ምን አልካት?»

«ያልሽኝን ነዋ! "በጣም እናመሰግናለን" ላይ ስደርስ አቀፈችኝ። "ግን" የምትለዋ ጡቷ ላይ ቀረች።»

ካፖርቱን ወለል ላይ አስቀመጠው። ቆመ። ድመቷ አየችውና በመስኮት ወጣች። ኦሮዝባይ ሻይ ሲቀዳ ለእሱም አንድ ስኒ አስቀመጠለት። ቡርማካን መሳቅ ፈልጋ ነበር፤ ግን ሰደርያዋ ትዝ ስትላት አልሆነላትም።

የክሩ ድግስ ቀን ከሐይቁ ቀዝቃዛ ነፋስ ይመጣ ነበር። ቡርማካን ኑርቲሌክን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ሰደርያዋን አለበሰችው። ልጁ ትንፋሹን ሲያስገባ ጠብቃ ቁልፏን ቆለፈች። ልክ ናት፤ ሰፍታ ያኖረችው ለዚህ ሆድ ነው። እንባዋን በቀሚሷ እጅጌ ጠረገች። የሚጠይቅ ካለ «ከገበያ ነው» ልትል ወስናለች። ካፖርቱን ኦሮዝባይ ዶሮ ቤት ደብቆታል። «ጠፋ እንላለን» ተባብለዋል።

ዙራካን ግን እንቁላል ፍለጋ ቀጥታ ዶሮ ቤት ገባች።

«ቡርማ!» ድምፅዋ ግቢውን ሞላው። «ካፖርቱ ዶሮ ቤት ምን ይሠራል?»

ቡርማካን ልጇን በፎጣ ሸፍና ወጣች። «ዶሮዎቹ…» አለች።

«ዶሮዎቹ ምን?»

«በርዷቸው ነበር» አለ ኦሮዝባይ ከኋላዋ።

ዙራካን ካፖርቱን አቅፋ ቆመች። አንዲት ዶሮ ከእጅጌው ውስጥ አንገቷን አወጣች፣ አየችና ተመለሰች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ዙራካን በሳቅ ትሞት ነበር። አሁን ግን ፊቷ ወደቀ።

«ካልወደድሽው ንገሪኝ እንጂ» አለች ቀስ ብላ። «እኔ እኮ ለልጅሽ የምሰጠው ሌላ የለኝም። ካለኝ የሚሻለው እሱ ነው።»

አሁን ነበር መናገር። በሩ ተከፍቶላታል። ቡርማካን ግን ያን ፊት አየችው፤ ያቺ ሴትዮ ራቂ ስትላት አጠገቡ ያስቀመጣትን ፊት።

«እንዴት አልወደውም! እየፈለግነው እኮ ነበር! አምጪው፣ አምጪው።»

ዙራካን ወዲያው እንደ ክረምት ፀሐይ ብልጭ አለች። ዶሮዋን አውጥታ፣ ካፖርቱን አራግፋ፣ ልጁን ከነፎጣው ተቀብላ ውስጥ ከተተችው። ገመዱን በወገቡ አዙራ ፈረስ በሚታሰርበት ቋጠሮ አሰረችው። ከኑርቲሌክ የቀረው አፍንጫ ብቻ ነበር። ሰደርያዋ ከሁለት በግ ሥር ተቀበረች። ቡርማካን ፈገግ አለች፤ እንደ ሁልጊዜው።

ሕዝቡ ሜዳው ላይ ተሰበሰበ። ኑርቲሌክ መሐል ላይ ቆመ፤ ወይም ካፖርቱ ቆመ፣ ኑርቲሌክም ውስጡ ነበረ። እግሮቹን ከሥር ፈልገው በጥቁርና በነጭ ክር አሰሩለት። በኮክ-ጃር ለዚህ የሚሮጡት ሴቶቹ ናቸው፤ ወንዶቹ ጉልበታቸውን ለምግቡ ይቆጥባሉ። ሴቶቹ እስከ ወንዙ ሄደው ተሰለፉ። ፊሽካው ሲነፋ ዙራካን ፍሬኑ እንደተበጠሰበት አውቶቡስ መጣች። ወጣት ምራቶች ነበሩ፣ ቀጫጭን ልጃገረዶች ነበሩ፤ በጎን በኩል ገፍታ፣ አንዷን ደግሞ «ጫማሽ ተፈቷል!» ብላ አታልላ፣ አንደኛ ደረሰች። ወላሂ ሐይቁ ላይ ማዕበል ተነስቷል።

እያለከለከች ተንበረከከች። መቀሱን ሰጧት። ካፖርቱ እስከ መሬት ስለሚደርስ የልጁ እግር አይታይም። እጇን ወደ ሥር ሰደደች፣ ዳበሰች፣ ገመድ ነክቷት ሳበችው።

«ቢስሚላህ!» አለችና ቆረጠች።

የቆረጠችው የካፖርቱን ገመድ ነበር። ካፖርቱ እንደ በር ለሁለት ተከፈተ። ፎጣው ወደቀ። አሁን ክሩ ታየና ዙራካን እሱንም ቆረጠችው። ኑርቲሌክ ከፊቱ ብርሃን አየ፣ ሕዝቡን አየ፣ እናቱን አየ። አንድ እግሩን አነሳ። ከዚያ ሌላውን። ከካፖርቱ ውስጥ ከቤት እንደሚወጣ ሰው ወጥቶ፣ ሰማያዊ ሰደርያውን ለብሶ፣ የብር ቀንዶቹ በፀሐይ እያብለጨለጩ፣ ወደ ቡርማካን ሄደ። ካፖርቱ ከኋላው እጆቹን ዘርግቶ እንደቆመ ቀረ፤ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት የሚሸኝ አባት መስሎ።

ሕዝቡ ጮኸ። ቡርማካን ልጇን አቅፋ አለቀሰች። ጩኸቱ ጋብ ሲል ግን እማማ አይምካን ምርኩዛቸውን ይዘው ተጠጉ። የመንደሩ አንጋፋ ናቸው፤ ጨርቅ አይተው ዕድሜውን የሚናገሩ።

«ይኼ ከፋይ የዛሬ አይደለም» አሉ የሰደርያዋን ጫፍ በጣታቸው እያሹ። «እንዲህ ያለ ጨርቅ ገበያ ላይ ከጠፋ ቆይቷል። መቼ ነው የተሰፋው፣ ልጄ?»

ቡርማካን «ከገበያ» ልትል ጀምራ ተወችው። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ዙራካን ሰደርያዋን አየች። ያን ከፋይ ታውቀዋለች። ከዚያ ቡርማካንን አየች።

«እኔ ነኝ የሰጠኋት!» አለች በዚያ ትልቅ ድምፅ።

«አንቺ?»

«ከከረጢቱ ውስጥ ነበረች። የትልቁ ልጄ ናት። ምነው እማማ፣ ረሷት እንዴ?»

እማማ አይምካን ዓይናቸውን አጠበቡ። «የአንቺ ልጆች ብርቱካናማ ነገር ካልሆነ ሲለብሱ አይቼ አላውቅም።»

«ከብርቱካናማው በፊት ነው፣ እማማ! እኔም እኮ ድሮ የምለብሰው አውቅ ነበር!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አሮጊቷም ሳቁና ወደ ምግቡ ሄዱ። ዙራካን ቡርማካንን በክንዷ ይዛ ወደ ዛፉ ሥር ወሰደቻት።

«እውነትም ያ ብል ሙያ አለው» አለች በሹክሹክታ። «ከመብላት አልፎ ይጠልፋል።»

«ዙራዬ…»

«ዝም በይ። ስንት ዓመት ሳቅሁብሽ! አንቺ ቂል፣ ለምን አልነገርሽኝም? "አልፈልግም" የምትባል ቃል የለችሽም?»

«ብዬሽ ነበር እኮ።»

«መቼ?»

«በፖሙ ጊዜ። በቦርሶኩ ጊዜ። ኦሮዝባይን የላክሁ ጊዜ።»

«እሱ እኮ ጨዋነት ነበር!»

ቡርማካን ከእንባዋ ጋር መሳቅ ጀመረች። ዙራካን ወገቧን ይዛ ቆመች። «እስቲ አሁን በይው። ካፖርቱን ትፈልጊዋለሽ?»

ቡርማካን ግራ ቀኟን አየች። መንደሩ ሊሰማ ይችላል። «አልፈልግም» አለች፣ ትንፋሽ በሚመስል ድምፅ።

«ምን? ጆሮዬ ደንቁሯል።»

«አልፈልግም! ያስፈራኛል! ድመቴ ከቤት ወጥታለች!»

«አልሐምዱሊላህ!» አለች ዙራካን ደረቷን ይዛ። «እኔስ ወድጄ የሰጠሁሽ መሰለሽ? ከበሩ ጀርባ ቆሞ ሳይቀበለኝ ቤቱ ኦና ሆነብኝ። በረከት ነው ብዬ ጨክኜ ነው እኮ!»

ማምሻውን ፀሐይ ሳትጠልቅ ካፖርቱ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ባዶውን ግን አልሄደም፤ ቡርማካን ኪሶቹንና ሁለቱን እጅጌዎች በቦርሶክ ሞልታ ነው የላከችው። ዙራካን ታቅፋው ስትሄድ ከፖሙ ዛፍ ሥር ዞር አለች።

«ስሚ! ሰደርያዋ ስትጠበው መልሺልኝ። በአደባባይ የኔ ናት ብያለሁ።»

«አልፈልግም!» አለች ቡርማካን። በዚህ ጊዜ መንደሩ በሙሉ ሰማት።

ይኸው ነው። ተኩላውም፣ ሼኩም፣ ከጣሪያ የነጠረው ልጅም፣ ሁሉም እንደነገርኳችሁ ነው። ግን አላህ ፊት እንዳላፍር አንዷን ነገር ልመልሳት፤ እሷን ብቻ ከራሴ ጨምሬያለሁ። ኦሮዝባይ ሳህን ሲያጥብ በኮክ-ጃር ያየው ሰው የለም።